በዕድሜ ለገፉ የናፍጣ ሚኒባሶች ተስማሚ የሞተር ዘይት አመራረጥ

የቀበናን ድልድይ ተሻግሮ ወደ ሰሜን፣ ወደ ፈረንሳይ ለጋሲዮንና ወደ እንጦጦ ተራሮች የሚያቀና ተሽከርካሪ በጥቂት ኪሎ ሜትሮች ርቀት ውስጥ ብዙ መቶ ሜትር ከፍታ ይወጣል። የድልድዩ አካባቢ ከባሕር ጠለል በላይ 2 ሺህ 400 ሜትር ገደማ ከፍታ ሲኖረው፣ የእንጦጦ ጫፍ ደግሞ ከ3 ሺህ ሜትር ያልፋል። በዚህ መስመር፣ እንዲሁም ከአራት ኪሎ ተነስቶ በቀበናና በእንግሊዝ ኤምባሲ አድርጎ ወደ መገናኛ በሚዘልቀው መንገድ ላይ፣ ሕዝብ የሚያመላልሱና ለመሥሪያ ቤቶች የሠራተኛ ሰርቪስ የሚሰጡ ዕድሜ ጠገብ የናፍጣ ሚኒባሶች ከማለዳ እስከ ምሽት ይመላለሳሉ። የእነዚህ ሞተሮች ዕድሜ ከሚወሰንባቸው ነገሮች መካከል ቀዳሚው፣ በኮፓቸው ውስጥ የሚፈሰው ዘይት ዓይነትና የሚቀየርበት ጊዜ ነው።

ጉዳዩ ከአሽከርካሪው አልፎ የመሥሪያ ቤት ኃላፊዎችን የሚመለከትበት ምክንያት አለ። በ2012 ዓ.ም የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186/2012 ባረጁ ተሽከርካሪዎች ላይ ከፍ ያለ ታክስ ጥሏል። በጥር ወር 2016 ዓ.ም ደግሞ የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስቴር በኤሌክትሪክ የማይሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር ውስጥ እንዳይገቡ መወሰኑን አስታውቋል። አሮጌውን ተሽከርካሪ በሌላ አሮጌ ተሽከርካሪ መተካት ከቀድሞው ይልቅ ከባድ በሆነበት በዚህ ጊዜ፣ በእጅ ያለውን ሞተር በአግባቡ መያዝ የበጀት ጥያቄ ሆኗል። አንድ ሞተር ወርዶ ፋሻው፣ ፒስተኑና ብሮንዚኑ ሲለወጥ የሚጠይቀው ወጪ፣ ተሽከርካሪው በጋራዥ ከሚቆምበት ጊዜ ጋር ሲደመር፣ ለበርካታ ዓመታት ለዘይት ከሚወጣው ገንዘብ ጋር የሚወዳደር ነው።

በአዲስ አበባ በስፋት የሚታወቁት የቶዮታ ሃይኤስ ሚኒባሶች በዘይት ምርጫ ረገድ በሁለት ወገን ተከፍለው መታየት አለባቸው። የመጀመሪያው ወገን በተለምዶ “ዶልፊን” የሚባለውና ከእርሱ በፊት የነበሩት ሞዴሎች ናቸው። እነዚህ ባብዛኛው 2ኤል፣ 3ኤል ወይም 5ኤል የተባሉትን ሞተሮች የያዙ ሲሆን፣ ይዘታቸው በቅደም ተከተል 2.4፣ 2.8 እና 3.0 ሊትር ነው። ቱርቦ የላቸውም። ናፍጣው በቀጥታ በፒስተኑ አናት ላይ ሳይሆን በቴስታታው ውስጥ በተዘጋጀ ትንሽ ክፍል ውስጥ ተረጭቶ መቃጠል ይጀምራል። ሁለተኛው ወገን “አባዱላ” እየተባለ የሚጠራው፣ ከ1990ዎቹ መጨረሻ ወዲህ የተሠራው ሞዴል ነው። ከእነዚህ አንዳንዶቹ ያንኑ 5ኤል ሞተር የያዙ ናቸው፤ ሌሎቹ ግን ቱርቦ ያለውንና ናፍጣውን በከፍተኛ ግፊት በቀጥታ የሚረጨውን 2.5 ወይም 3.0 ሊትር ዲ-ፎር-ዲ ሞተር የተገጠመላቸው ናቸው። ከውጭ ሲታዩ አንድ ዓይነት የሚመስሉ ሁለት አባዱላዎች የተለያየ ዘይት ሊያስፈልጋቸው ስለሚችል፣ ዘይት ከመግዛት በፊት በሊብሬው ላይ የሰፈረውን የሞተር ቁጥርና ዓይነት ማየት ይገባል።

ሁለቱ ጽሑፎች

በዘይት ጣሳ ላይ ከሚታዩት በርካታ ጽሑፎች መካከል ለገዥው ወሳኞቹ ሁለት ብቻ ናቸው። አንደኛው የዘይቱን ውፍረት የሚገልጸው ሲሆን፣ ሁለተኛው ዘይቱ የትኛውን ሞተር ለመጠበቅ እንደተሠራ የሚናገረው ነው። በተለምዶ ብዙ ሰው የሚጠይቀው ስለ መጀመሪያው ብቻ ነው፤ “አርባ ስጠኝ” ወይም “ሃምሳ አለህ?” የሚለው የሱቅ ንግግር ይህንኑ ያሳያል። ይሁን እንጂ በአሮጌ የናፍጣ ሞተር ላይ የበለጠ ጉዳት የሚያደርሰው የሁለተኛው ጽሑፍ መረሳት ነው።

ውፍረትን የሚመድበው አሠራር የአሜሪካ የአውቶሞቲቭ መሐንዲሶች ማኅበር፣ በአጭሩ ኤስኤኢ፣ እ.ኤ.አ. በ1911 የጀመረውና እስከ ዛሬ እየተሻሻለ የመጣው ምደባ ነው። “40” የተባለ ዘይት በ100 ዲግሪ ሴልሺየስ ሙቀት ሲለካ ውፍረቱ ከ12.5 ሴንቲስቶክ የማያንስና 16.3 ያልደረሰ ነው። “50” የተባለው ደግሞ ከ16.3 ይጀምርና 21.9 ሳይደርስ ያበቃል። ከቁጥሩ ጋር “ደብሊው” የሚለው ፊደል ሲኖር ቁጥሩ የሚናገረው ዘይቱ በቅዝቃዜ ጊዜ ስላለው ባሕርይ ነው፤ ፊደሉ ክረምት ከሚለው የእንግሊዝኛ ቃል የተወሰደ ነው። 15ደብሊው-40 የተባለው ዘይት ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ ላይ ሞተር ለማስነሳት የማያስቸግር ሆኖ፣ ሞተሩ ሲሞቅ እንደ 40 ዘይት የሚያገለግል ነው። 20ደብሊው-50 ደግሞ የሚፈተነው ከዜሮ በታች 15 ዲግሪ ላይ ነው።

ከዚህ እንደሚታየው ሁለቱም ዓይነቶች ለአዲስ አበባ ቅዝቃዜ ከበቂ በላይ ናቸው። በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊቶች በየካ ኮረብታዎች ላይ ብርዱ ቢጠነክርም ከዜሮ በታች 15 ዲግሪ የሚባል ነገር የለም። ልዩነታቸው የሚታየው ማለዳ 12 ሰዓት ላይ ሞተሩ ሲነሳ ነው። ሌሊቱን ሙሉ በኮፓው ውስጥ ተኝቶ ያደረ ዘይት በፓምፑ ተገፍቶ እስከ ቴስታታው ላይኛ ክፍል ለመድረስ ጥቂት ሴኮንዶች ይፈጅበታል። ዘይቱ በወፈረ ቁጥር ይህ ጊዜ ይረዝማል፤ በእነዚህ ሴኮንዶች ውስጥ ብረት ከብረት ጋር የሚተሻሸው ከቀኑ ሥራ ሁሉ ይልቅ በከፋ ሁኔታ ነው። “ደብሊው” የሌለው ነጠላ 40 ዘይት በዚህ ረገድ ከሁሉም የባሰ ነው። ብርድ ላይ ምን ያህል እንደሚወፍር የሚገድበው መለኪያ የለውምና፣ ዋጋው ዝቅ ስላለ ብቻ ለሰርቪስ መኪና መግዛቱ የሚደገፍ አይደለም።

ስለሆነም በጥሩ ሁኔታ ላይ ለሚገኝ የ2ኤል፣ የ3ኤልም ሆነ የ5ኤል ሞተር በአዲስ አበባና በዙሪያዋ ለሚሰጥ አገልግሎት 15ደብሊው-40 ቀዳሚው ምርጫ ሊሆን ይገባል። 20ደብሊው-50 ቦታ የሚያገኘው በሁለት ሁኔታዎች ነው። አንዱ ተሽከርካሪው ወደ አፋር፣ ወደ ድሬዳዋ ወይም ወደ ጋምቤላ ቆላማ አካባቢዎች ለረጅም ጊዜ የመስክ ሥራ ሲሠማራ ነው። ሌላው ሞተሩ አርጅቶ በሙቀት ጊዜ የዘይት ግፊቱ ሲወርድ ወይም ዘይት መብላት ሲጀምር ነው። በሁለተኛው ሁኔታ ወፍራም ዘይት ሕመሙን ያስታግሣል እንጂ አያድንም። የተበላን ፋሻና የሰፋን ብሮንዚን መልሶ የሚያጠብ ዘይት እስካሁን አልተሠራም፤ “ዘይት መብላት ያቆማል” ተብለው በትናንሽ ጣሳ የሚሸጡት ማወፈሪያዎችም ከዚህ የተለየ ነገር አይሠሩም።

የ“ሲ” ፊደል ተከታታዮች

ሁለተኛው ጽሑፍ የአሜሪካ ነዳጅ ኢንስቲትዩት፣ በአጭሩ ኤፒአይ፣ የሚያወጣው የደረጃ ምልክት ነው። በ“ኤስ” የሚጀምረው ለቤንዚን ሞተሮች፣ በ“ሲ” የሚጀምረው ለናፍጣ ሞተሮች የተዘጋጀ ዘይት መሆኑን ያመለክታል። ከ“ሲ” ቀጥሎ የሚመጣው ፊደል ወደ ኋላኛው የላቲን ፊደላት በቀረበ ቁጥር ደረጃው አዲስ ነው። ሲዲ የተባለው ደረጃ እ.ኤ.አ. በ1955 ሥራ ላይ የዋለ ሲሆን፣ ከዚያ በኋላ ሲኢ፣ ሲኤፍ-4፣ ሲኤፍ፣ ሲጂ-4፣ ሲኤች-4፣ ሲአይ-4 እና ሲጄ-4 ተከታትለው ወጥተዋል። ሲኤች-4 እ.ኤ.አ. በ1998፣ ሲአይ-4 በ2002፣ የቅርቡ ሲኬ-4 ደግሞ በ2016 መጨረሻ ላይ የመጡ ናቸው።

የዶልፊን ዘመን ሞተሮች ሲሠሩ አምራቹ ያዘዘው ሲዲን፣ ሲኤፍንና ሲኤፍ-4ን የመሳሰሉ ደረጃዎችን ነበር። እነዚህ ደረጃዎች ግን ዛሬ በራሱ በኤፒአይ ጊዜ ያለፈባቸው ተብለው የተመዘገቡ ናቸው። ተቋሙ ለእነዚህ ፈቃድ ስለማይሰጥ፣ በገበያ ላይ “ሲዲ” ወይም “ሲኤፍ-4” የሚል ጽሑፍ ብቻ ያለው ጣሳ የአምራቹን የራሱን ቃል የያዘ እንጂ በኤፒአይ የተረጋገጠ አይደለም። አዲሱ ደረጃ አሮጌውን እንዲተካ ሆኖ የተሠራ በመሆኑ ሲኤች-4ም ሆነ ሲአይ-4 ለሲዲ፣ ለሲኢና ለሲኤፍ-4 ምትክ ሆነው ያገለግላሉ። “የድሮ ሞተር የድሮ ዘይት ይወዳል” የሚለው በጋራዦች የሚሰማ አባባል በዚህ ረገድ መሠረት የለውም።

የአሮጌ ሞተር ባለቤት ሲኤች-4ን ወይም ሲአይ-4ን እንዲመርጥ የሚያደርገው ዋናው ነገር የጥላሸት ጉዳይ ነው። ይህ ለቀበናና ለእንጦጦ መስመር ከሌላው አካባቢ ይበልጥ ይሠራል። በ2 ሺህ 400 ሜትር ከፍታ ላይ የአየር ግፊት በባሕር ጠለል ላይ ካለው በሩብ ያህል ያንሳል፤ ወደ እንጦጦ ጫፍ ሲደረስ ጉድለቱ ወደ አንድ ሦስተኛ ይጠጋል። ቱርቦ የሌለው ሞተር በእያንዳንዱ ምት የሚስበው አየር በዚያው ልክ ይቀንሳል። የናፍጣው ፖምፓ ግን ለከፍታው ካልተስተካከለ በስተቀር የሚረጨው መጠን በቆላ ሲረጭ የነበረውን ያህል ነው። አየር የጎደለው ናፍጣ በሙሉ አይቃጠልም። ዳገት ላይ ከጭስ ማውጫው የሚወጣው ጥቁር ጭስ ከዚህ የሚመነጭ ሲሆን፣ የጥላሸቱ ከፊል ወደ ውጭ ከመውጣት ይልቅ በፋሻው አልፎ ወደ ዘይቱ ይወርዳል።

በዘይት ውስጥ የገባ ጥላሸት እጅግ የደቀቀ ስለሆነ ፊልትሮው አብዛኛውን ሊይዘው አይችልም። ቅንጣቶቹ እርስ በርሳቸው ሲያያዙ ዘይቱን ያወፍራሉ፤ የቫልቭ መግፊያዎችንና የካም ዘንጉን እንደ ብርጭቆ ወረቀት ይፍቃሉ። በመጨረሻም በኮፓው ግርጌና በዘይት መተላለፊያዎች ላይ ዝቃጭ ሆነው ይቀመጣሉ። በዘይቱ ውስጥ የተጨመሩ አጣቢና በታኝ ንጥረ ነገሮች ተግባር ቅንጣቶቹ እንዳይያያዙ ለይቶ መያዝ ነው። ከሲዲ ወደ ሲኤች-4 በተደረገው የደረጃ ዕድገት ውስጥ ትልቁን ድርሻ የያዘው ይኸው ጥላሸትን የመሸከም አቅም መጨመር ነው። በዚህ የተነሳ ጥሩ ዘይት በተቀየረ በአንድ ወይም በሁለት ቀን ውስጥ መጥቆሩ የመበላሸቱ ምልክት አይደለም። ጥላሸቱን ከብረቱ ላይ አንስቶ በራሱ ውስጥ መያዙን ያሳያል። ሳይጠቁር ረጅም ጊዜ የሚቆይ ዘይት ይልቅ ሊያጠራጥር ይገባል።

ሁለተኛው ምክንያት የሰልፈር ጉዳይ ነው። በናፍጣ ውስጥ የሚገኝ ሰልፈር ሲቃጠል ከእርጥበት ጋር ተዋህዶ ሰልፈሪክ አሲድ ይፈጥራል። አሲዱን የሚያረክሰው በዘይቱ ውስጥ የሚገኘው የአልካሊ ክምችት ሲሆን፣ ይህ ክምችት ካለቀ ብሮንዚኑና የሲሊንደሩ ግድግዳ መበላት ይጀምራሉ። ሲኤች-4 እና ሲአይ-4 የሰልፈር መጠኑ እስከ 0.5 በመቶ በሚደርስ ናፍጣ ለሚሠሩ ሞተሮች የተዘጋጁ ናቸው። ከእነርሱ በኋላ የመጣው ሲጄ-4 ግን በጭስ ማውጫቸው ላይ የጥላሸት ማጣሪያ ለተገጠመላቸው አዳዲስ ተሽከርካሪዎች ተብሎ አመድ የሚተዉ ንጥረ ነገሮች የተቀነሱበት ነው፤ ሰልፈሩ እጅግ ከተቀነሰ ናፍጣ ጋርም ይበልጥ ይስማማል። አዲስ ደረጃ ሁሉ ለአሮጌ ሞተር የተሻለ ነው ማለት እንዳልሆነ ከዚህ መረዳት ይቻላል። ከሲኬ-4 ጋር በአንድ ጊዜ የወጣው ኤፍኤ-4 የተባለው ቀጭን ዘይት ደግሞ ለአሮጌ ሞተሮች ፈጽሞ ያልታሰበ ስለሆነ መወሰድ የለበትም።

በጃፓን የተሠሩ ሞተሮች በመሆናቸው በአንዳንድ ጣሳዎች ላይ የሚገኘው “ጃሶ ዲኤች-1” የሚለው የጃፓን ደረጃም ተቀባይነት አለው። አንዳንድ ጣሳዎች “ሲአይ-4/ኤስኤል” የሚል ጣምራ ጽሑፍ ይይዛሉ፤ በ“ሲ” የሚጀምረው ቀድሞ ከተጻፈ ዘይቱ በቅድሚያ ለናፍጣ የተዘጋጀ ነው። በ“ኤስ” ብቻ የተሰየመ የቤንዚን ዘይት ለናፍጣ ሞተር አይሆንም።

ዲ-ፎር-ዲ ሞተር ላላቸው አባዱላዎች ምርጫው ከዚህ የጠበበ ነው። የቱርቦው ዘንግ በደቂቃ ከ100 ሺህ ዙር በላይ ሊሽከረከር የሚችል ሲሆን፣ ከዘይት በቀር ሌላ ተሸካሚ የለውም። ለእነዚህ ከሲኤች-4 በታች መውረድ አይገባም፤ ሲአይ-4 ይመረጣል። በተጨማሪም በዚህ የሞተር ቤተሰብ ላይ የታወቀ አንድ ችግር አለ። የናፍጣ መርጫው መቀመጫ ሲያረጅ የቃጠሎ ጋዝ እያለፈ ዘይቱን ያከስለዋል፤ ከሰሉም በኮፓው ውስጥ የሚገኘውን የዘይት መምጠጫ ወንፊት ይደፍናል። ወንፊቱ የተደፈነ ሞተር ምንም ዓይነት ውድ ዘይት ቢደረግለት ከመንከስ አይድንም። የዘይት ግፊት መብራት በሥራ ፈት ዙር ላይ ብልጭ ድርግም ማለት ከጀመረ ወፍራም ዘይት ከመፈለግ ይልቅ ኮፓውን አውርዶ ወንፊቱን ማየት ያስፈልጋል።

የሰው ሠራሽ ዘይት ጥያቄ አልፎ አልፎ ይነሳል። በጥራቱ የሚያከራክር ባይሆንም፣ ጥላሸት ስለሚያበዛና ዘይት ስለሚበላ አሮጌ ሞተር፣ ውድ ዘይትን ለረጅም ጊዜ ከመያዝ ይልቅ መካከለኛውን ዘይት ቶሎ ቶሎ መቀየር የበለጠ ያዋጣል።

መቼ ይቀየር?

በአሮጌ የናፍጣ ሚኒባሶች ላይ 5 ሺህ ኪሎ ሜትር ተቀባይነት ያገኘ የመቀየሪያ ርቀት ነው። ሆኖም ኪሎ ሜትር ብቻውን በከተማ ውስጥ አሳሳች መለኪያ ነው። በአገር አቋራጭ መንገድ በአማካይ በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር የሚጓዝ መኪና 5 ሺህ ኪሎ ሜትር ለመሸፈን 100 ሰዓት ይበቃዋል። በመጨናነቅ ውስጥ በአማካይ በሰዓት 15 ኪሎ ሜትር የሚጓዘው ግን ያንኑ ርቀት የሚጨርሰው ሞተሩ ከ330 ሰዓት በላይ ከሠራ በኋላ ነው። ቆጣሪው እኩል ያሳያል፤ ዘይቱ የሠራው ሥራ ግን ከሦስት እጥፍ በላይ ነው። ዳገትና መጨናነቅ በሚበዛበት መስመር ለሚሠራ ተሽከርካሪ ከ3 ሺህ እስከ 4 ሺህ ኪሎ ሜትር ባለው ርቀት መቀየር የተገባ ጥንቃቄ ነው። በወር ጥቂት ኪሎ ሜትር ብቻ የሚሄዱ የመሥሪያ ቤት ተሽከርካሪዎች ደግሞ ርቀቱ ባይሞላም በየስድስት ወሩ ሊቀየርላቸው ይገባል። ሞተሩ በደንብ ሳይሞቅ የሚቆም መኪና በዘይቱ ውስጥ ውኃና ናፍጣ ያጠራቅማልና።

ከሰነፍ አሠራር ሁሉ የከፋው ዘይት ቀይሮ ፊልትሮውን መተው ነው። ፊልትሮ ሲደፈን በውስጡ ያለው ማሳለፊያ ይከፈትና ያልተጣራ ዘይት ወደ ሞተሩ ይሄዳል፤ በአሮጌው ፊልትሮ ውስጥ የቀረው ቆሻሻ ዘይትም ከአዲሱ ጋር ይደባለቃል። ለረጅም ዓመታት በነጠላ 40 ወይም ደረጃው በማይታወቅ ዘይት ሲሠራ የኖረ ሞተር ወደ ሲኤች-4 ወይም ወደ ሲአይ-4 ሲዛወር፣ አዲሱ ዘይት የቆየውን ዝቃጭ ማጠብ ስለሚጀምር፣ የመጀመሪያውን ዙር ከ1 ሺህ እስከ 2 ሺህ ኪሎ ሜትር ባለው ርቀት ከነፊልትሮው መቀየር ያስፈልጋል። “ዘይት ስቀይር ሞተሩ ማንጠባጠብ ጀመረ” የሚለው የተለመደ ስሞታም አብዛኛውን ጊዜ ከዚሁ ጋር የተያያዘ ነው፤ ቀድሞውኑ የደረቀውን ጋርኒሲዮን ደፍኖ የያዘው ዝቃጭ ነበር።

የዘይቱን ሁኔታ ለማወቅ ላቦራቶሪ በሌለበት ቦታ አንድ ቀላል ሙከራ ይጠቅማል። ሞተሩ ከሞቀና ከቆመ በኋላ ከመለኪያው ዘንግ አንድ ጠብታ በነጭ መምጠጫ ወረቀት ላይ ጥሎ ለአንድ ሰዓት ያህል መተው ነው። ጠብታው ከመሐል ወደ ዳር እየሳሳ በእኩል ከተሰራጨ በታኙ ንጥረ ነገር ገና እየሠራ ነው። መሐሉ ላይ ዳሩ የተቆረጠ ጥቁር ክብ ሆኖ ከቀረ ዘይቱ ጥላሸቱን መሸከም አቅቶታል። በጥቁሩ ዙሪያ ሰፊ የጠራ ቀለበት ከታየ ናፍጣ ገብቶበታል ማለት ነው። ዘይቱ እንደ ወተት ነጥቶ ከተገኘ ውኃ ገብቷል፤ የቴስታታው ጋርኒሲዮን መመርመር አለበት።

አሽከርካሪዎች ዘወትር የዘይት መጉደልን ይፈራሉ፤ መጨመሩ ግን የበለጠ ሊያስደነግጥ ይገባል። ሳይሞላ ደረጃው ከፍ ብሎ የተገኘ ዘይት ከፖምፓው ወይም ከመርጫው የሚያፈስ ናፍጣ ተቀላቅሎበታል። የቀጠነ ዘይት ብሮንዚኑን ከመጉዳቱም በላይ፣ እጅግ ከበዛ በአየር መተላለፊያው ተስቦ ሊቃጠልና ሞተሩ ከቁጥጥር ውጭ እንዲጮኽ ሊያደርግ ይችላል። በዚያን ጊዜ ቁልፍ መዝጋት ብቻውን ላያቆመው ይችላል።

ፍጆታን በተመለከተ ቶዮታ እንደ ከፍተኛ ወሰን ያስቀመጠው በ1 ሺህ ኪሎ ሜትር 1 ሊትር ነው። ኮፓው የሚይዘው ስድስት ሊትር ገደማ በመሆኑ፣ በዚህ ፍጥነት የሚበላ ሞተር ካልተጨመረለት ገና የመቀየሪያው ጊዜ ሳይደርስ አደጋ ላይ ይወድቃል። ከቀበና ወደ እንጦጦ ከሚያስወጣው ዳገት በፊት መለኪያውን ማየት ልማድ መሆን ያለበት ለዚህ ነው፤ ዘይቱ ጎድሎ እያለ ተሽከርካሪው አፍንጫውን ወደ ላይ ሲያቀና የመምጠጫው ወንፊት አየር ሊስብ ይችላል። ተሽከርካሪው የሚያወጣው ጭስም ይናገራል። ጥቁር ጭስ የአየር ማጣሪያውን ወይም ፖምፓውን፣ ሰማያዊ ጭስ ደግሞ የሚቃጠል ዘይትን ያመለክታል። ጥቁር ጭስ ያለበትን ተሽከርካሪ ፖምፓውን ሳያስተካክሉ ዘይት ብቻ መቀያየር ገንዘብን ማባከን ነው።

በግዥ መጠየቂያው ላይ ምን ይጻፍ?

የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ዘይት የሚገዙት በዋጋ ውድድር በመሆኑ የዘይቱ ጥራት የሚወሰነው በሱቅ መደርደሪያ ፊት ሳይሆን የቴክኒክ ዝርዝሩ በሚጻፍበት ጠረጴዛ ላይ ነው። በመጠየቂያው ላይ “የሞተር ዘይት፣ ቁጥር 40” ተብሎ ብቻ ከተጻፈ፣ ነጠላ 40 የሆነውም፣ የቤንዚን ዘይቱም፣ ደረጃው ያልተገለጸውም ሕጋዊ ተወዳዳሪ ይሆናል። በዋጋ የሚያሸንፈውም ከእነዚሁ አንዱ ነው። የግዥ ኮሚቴው በሕጉ መሠረት ሠርቷል፤ ሞተሩ ግን ይጎዳል። የንግድ ስም ጠቅሶ መግዛት በግዥ ሕግ የተገደበ በመሆኑም መፍትሔው ስም ሳይሆን ደረጃ መጻፍ ነው። “ለናፍጣ ሞተር የተዘጋጀ፣ ኤስኤኢ 15ደብሊው-40፣ ኤፒአይ ሲአይ-4 ወይም ሲኤች-4፣ በአምራቹ የታሸገ፣ የምርት ቀንና የምርት መለያ ቁጥር ያለው” የሚለው ዓረፍተ ነገር ለዚህ ይበቃል።

ዶልፊን፣ አባዱላና የመስክ ላንድክሩዘር በአንድ ግቢ ውስጥ ያሉት መሥሪያ ቤት ለእያንዳንዱ የተለየ ዘይት ማከማቸት አያስፈልገውም። የጥላሸት ማጣሪያ የሌላቸው እስከሆኑ ድረስ አንድ የ15ደብሊው-40 ሲአይ-4 ዘይት ሁሉንም ያገለግላል። ይህም በመጋዘን ውስጥ የሚፈጠረውን መደበላለቅ ያስቀራል። በበርሜል የተገዛ ዘይት ከተከፈተ በኋላ አቧራና እርጥበት እንዳይገባበት በጣሪያ ሥር፣ ክዳኑ ተከድኖ፣ ለእርሱ ብቻ በተመደበ ንጹሕ መቅጃ ሊቀዳ ይገባል። በግቢ ውስጥ ቆሞ ዝናብ የሚመታው በርሜል ቀን ሞቆ ሌሊት ሲቀዘቅዝ በክዳኑ ላይ የተኛውን ውኃ ወደ ውስጥ ይስባል።

የተጭበረበረ ዘይትን በዓይን መለየት ሁልጊዜ አይቻልም። ያም ሆኖ የኤፒአይ ክብ ምልክት በመሐሉ የውፍረቱን ቁጥር፣ ከላይ የአገልግሎት ደረጃውን ይዞ መገኘቱን ማየት፣ የአምራቹንና የምርቱን ስም ተቋሙ በኢንተርኔት ለሕዝብ ክፍት ባደረገው የፈቃድ መዝገብ ውስጥ መፈለግ ይቻላል። ምልክቱ ኖሮት በመዝገቡ ውስጥ የማይገኝ ምርት ርክክብ ሊፈጸምበት አይገባም። የክዳኑ ማሸጊያ ቀለበት መኖሩን፣ በጣሳውና በካርቶኑ ላይ ያለው የምርት ቁጥር አንድ መሆኑን ማረጋገጥም የንብረት ክፍሉ ሥራ ነው። ባዶ ጣሳ ለሻጭ ከመስጠት በፊት መብሳት በሐሰተኞች እጅ ዳግም እንዳይሞላ ያደርጋል።

የተቃጠለው ዘይት ወዴት ይሂድ የሚለው የመጨረሻው ጥያቄ በቀበና የተለየ ክብደት አለው። ከእንጦጦ የሚነሳው የቀበና ወንዝ ከተማዋን አቋርጦ ወደ አቃቂ፣ ከዚያም ወደ አባ ሳሙኤል ግድብ ይፈስሳል፤ በአቃቂ ዙሪያ በወንዙ ውኃ አትክልት ይለማል። የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ ከአንድ ሞተር የወጣ ዘይት መጠኑን ሚሊዮን እጥፍ የሚሆን ንጹሕ ውኃ ሊበክል እንደሚችል ያስገነዝባል። በኢትዮጵያ የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 እና ስለ አደገኛ ቆሻሻ አያያዝና አወጋገድ የወጣው አዋጅ ቁጥር 1090/2010 እንዲህ ያለውን ቆሻሻ በየቦታው መድፋትን ይከለክላሉ። የተቃጠለ ዘይትን ለእንጨት ምስጥ መከላከያነት መቀባት የቆየ ልማድ ቢሆንም፣ ከአሮጌ ሞተር የወጣ ዘይት ከባድ ብረቶችንና ካንሰር አምጪ ውህዶችን የያዘ ስለሆነ በመኖሪያ ቤትና በመጠጥ ውኃ አጠገብ መዋል የለበትም፤ በባዶ እጅ መንካትም አይገባም። በመሥሪያ ቤቱ ጋራዥ ለተቃጠለ ዘይት ብቻ የተለየ፣ ክዳን ያለውና ስሙ የተጻፈበት በርሜል ተዘጋጅቶ፣ የገባው መጠን ከወጣው አዲስ ዘይት ጋር በአንድ መዝገብ ላይ እንዲመዘገብ ቢደረግ፣ ተሽከርካሪው በሁለት ቅያሪዎች መካከል ምን ያህል ዘይት እንደበላ ከዚያው መዝገብ ላይ ማንበብ ይቻላል።